ሁለት ድስት፣ አንድ ክብ፦ የወሎ ጭፈራ ስለ ወሎ ምን ይናገራል?

በዓል ወይም የሠርግ ወቅት በመጣ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይመጣል። ቲክቶክ ላይ አጭር ቪዲዮ ይለቀቃል። ሽርጥ የታጠቁ ወጣቶች በሰልፍ ቆመው አንገታቸውን ይሰብቃሉ። ከሥሩ «የወሎ ባህል» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ አስተያየቱ ይጎርፋል። አንዱ «ይሄ የወሎ አይደለም፣ የመድረክ ነው» ይላል። ሌላው «በኛ በኩል እንዲህ አይጨፈርም» ብሎ ይከራከራል። ሦስተኛው ባህሉ ተበረዘ ብሎ ያዝናል። አራተኛው ደግሞ «ጭፈራ ጭፈራ ነው፣ ምን አጨቃጨቃችሁ?» ብሎ ያልፋል።

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ቡና ላይ ሲወራ የሚሰማው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሁሉም እውነት ይዟል። ግን ሁሉም የሚያወራው ስለ አንድ ነገር አይደለም። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጭፈራ የሕዝብ መስታወት ነው ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው እንቅስቃሴውን ነው። ትከሻውን፣ አንገቱን፣ ዝላዩን። የወሎን ጭፈራ ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ግን ስለ ሕዝቡ አብዝቶ የሚናገረው በእንቅስቃሴው ዙሪያ ያለው ሥርዓት ነው። ማን ያወጣል? ማን ይቀበላል? ማን ከማን ጋር ይገባል? ማን ይለመናል? መድረኩ እንቅስቃሴውን ይወስዳል፣ ሥርዓቱን ግን እዚያው ትቶት ይሄዳል።

መጀመሪያ በስያሜው እንግባባ

በዕለት ተዕለት ንግግር ጭፈራና ውዝዋዜ ይቀላቀላሉ። እዚህ ግን ለያይተን እንያቸው። ጭፈራ ስንል ሰው ተሰብስቦ የሚያደርገውን እንውሰድ። ዘፈኑ፣ ጭብጨባው፣ እልልታውና እስክስታው አንድ ላይ ናቸው። ውዝዋዜ ስንል ደግሞ ለተመልካች ተዘጋጅቶ የሚቀርበውን እንውሰድ። ኮሪዮግራፊ የሚባለው የዚህ ዝግጅት ሙያ ነው። ማን የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚዞር፣ መቼ እንደሚወጣ አስቀድሞ የማቀናበር ሥራ ማለት ነው።

«የማይዳሰስ ቅርስ» የሚለው አጠራርም በዚህ ክርክር ይነሳል። ዩኔስኮ በ2003 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው ስምምነት፣ ሰዎች በቃል፣ በልማድና በድርጊት ከትውልድ ትውልድ የሚያስተላልፉት ሀብት ነው። ኢትዮጵያ በዚህ መዝገብ ካሰፈረቻቸው መካከል መስቀል (2013 እ.ኤ.አ.)፣ ፍቼ ጨምበላላ (2015)፣ የገዳ ሥርዓት (2016)፣ ጥምቀት (2019) እና የሐረሩ ሹዋሊድ (2023) ይገኙበታል። ልብ በሉ፤ በአብዛኞቹ ውስጥ ዘፈን ወይም ጭፈራ አለ። አንዳቸውም ግን በጭፈራው ብቻ አልተመዘገቡም። የተመዘገበው በዓሉ ወይም ሥርዓቱ ከነሙሉ አካሉ ነው።

ክቡ ውስጥ

ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ የቃሉ ገጠር የሚደረግ የሠርግ ማታን እናስብ። ዳሱ በሸራ ተሸፍኗል። ከበሮ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ጭብጨባው ግን አይቀርም። ሰዉ ክብ ሠርቶ ይቆማል።

ድምፅዋ በአካባቢው የታወቀ አንዲት ሴት ታወጣለች። እሷ አውጪ ናት። የቀረው ሰው ተቀባይ ነው። አዝማቹ የታወቀ ነው፤ ሁሉም ይመልሰዋል። በመሃል የምትጨምረው ግጥም ግን ብዙ ጊዜ እዚያው የሚፈጠር ነው። የሙሽራውን አባት በስሙ ታነሳለች። አርፍዶ የመጣውን አማች ነካ ታደርጋለች። ባለፈው ዓመት የሞተውን አጎት አስታውሳ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። በቀን ቢባል የሚያጣላ ቅሬታ፣ ማታ በግጥም ተጠቅልሎ ይነገራል። ሰዉ ይስቃል። የተነካውም ይስቃል። ባይስቅ ነው ጉድ የሚባለው።

ሁለት ሰዎች ከክቡ ፊት ለፊት ይወጣሉ። መጀመሪያ ቀስ ነው። ትከሻ ብቻ። ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ከዚያ አንገት ይከተላል። የወሎን እስክስታ ከጎንደሩና ከጎጃሙ ለመለየት ሰው ቶሎ የሚጠቅሰው ይሄን አንገት ነው። ትከሻው ሲረጋ አንገቱ ወደ ፊትና ወደ ጎን ይሰበቃል። ጭብጨባው ሲፈጥን ጉልበት ይታጠፋል፣ ትንፋሽ በጥርስ መሃል ይወጣል። አንዱ ሲደክመው ሌላ ይገባበታል። ዓይን አፋሯ ዘመድ እጇን ተጎትታ ትገባለች። ሽማግሌ ሲገባ ጭብጨባው ይዘገይለታል፣ ቦታውም ይሰፋለታል።

እዚህ ውስጥ ተመልካች የሚባል ሰው የለም። የቆመው ሁሉ ያጨበጭባል፣ ይቀበላል። ተቀባይ ካልሞቀ አውጪዋ ትደክማለች። ስለዚህ የጭፈራው ባለቤት ጎበዝ ጨፋሪው ብቻ አይደለም። ከዳር ቆሞ የሚቀበለውም ነው። ይሄን ካላየን የወሎን ጭፈራ አየሁ ማለት ይከብዳል።

ሌላው ቀርቶ አለባበሱ እንኳ አንድ አይደለም። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ። በመሃላቸው ያለው መንገድ 23 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ አየሩ ይሞቃል። ሽርጥ የቃሉና የባቲ ቆላ ልብስ ነው። ደላንታና ወረኢሉ ደጋ ያለ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ነው የሚያጨበጭበው። መድረክ ላይ ግን ወሎ ሁሉ ሽርጥ ለባሽ ሆኗል።

ሁለት ድስት

ወሎ ውስጥ የክርስቲያን ሠርግ ላይ ሙስሊም ጎረቤት ይጠራል፣ በሙስሊሙም ሠርግ ክርስቲያኑ ይጠራል። ችግሩ ሥጋው ነው። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። መፍትሔው የቆየ ነው። ሁለት እርድ ይታረዳል። ለሙስሊም እንግዶች የሚሆነውን ሙስሊም ጎረቤት ያርደዋል፣ ሙስሊም ሴቶች ይሠሩታል። ድስቱ ለብቻ፣ ጭልፋው ለብቻ፣ ሳህኑም ለብቻ ነው። በዚህ ማንም አይቀየምም። እንዲያውም የሚያስቀይመው አለማዘጋጀት ነው።

ምግቡ አልቆ እጅ ታጥቦ ጭፈራ ሲጀመር ግን ሁለት ክብ አይሠራም። አንድ ነው። አውጪዋ «አላህ» ብላ ጀምራ በማርያም ስም ልትጨርስ ትችላለች። ተቀባዩ ይቀበላል። ገበታው የለየውን ሰው ጭፈራው መልሶ ያገናኘዋል። ከማዕዱ ብቻ ያየ ሰው ወሎን የተከፋፈለ አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። ከጭፈራው ብቻ ያየም ልዩነት የሌለበት አድርጎ ያስበዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

ይሄ ልማድ ከየት መጣ? «የወሎ ሰው ተፈጥሮው ነው» የሚለው መልስ ደስ ይላል፣ ግን ብዙ አያብራራም። አካባቢው የንግድ መንገድ ነው። የባቲ የሰኞ ገበያ አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ አፋሩንና አርጎባውን ለዘመናት ሲያገናኝ ኖሯል። ጋብቻውም ተከትሎ መጥቷል። የታሪኩ ሌላ ገጽ ደግሞ ከባድ ነው። ከደሴ በቅርብ ርቀት ባለው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ አራተኛ የተመራው ጉባኤ ከተካሄደ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች እምነታቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ። የወሎው ገዥ መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነስቶ ሚካኤል ተባለ። በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆነው እሱ ነው። ከአንድ ቤት አንዱ ተለወጠ፣ ሌላው አልተለወጠም። እነሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉ ሊቃውንት ተቃውመው ሸፈቱ።

ስለዚህ በአንድ ቤተሰብ ሁለት ሃይማኖት መኖሩ በገዛ ፈቃድ ብቻ የመጣ አይደለም። አንዳንዶች «ወሎ የመቻቻል ምድር» የሚለው አባባል ይሄን ቁስል ይሸፍናል ይላሉ። ልክ ናቸው። ሌሎች ደግሞ ሕዝቡ ከዚያ ሁሉ በኋላ አብሮ መኖሪያ ዘዴ ማበጀቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው ይላሉ። እነሱም ልክ ናቸው። ሁለቱ ድስትና አንዱ ክብ ያንን ዘዴ በተግባር ያሳያሉ። ለዚህ ጸሐፊ የወሎ ጭፈራ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው።

መድረኩ ምን አመጣ፣ ምን አስቀረ?

መድረክ የቅርብ ጊዜ ነገር አይደለም። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት የጣሊያን ወረራ ከደጃፍ ነበር። ዘፈንና ፉከራ ሕዝብን ለመቀስቀስ አደባባይ ወጣ። በደርግ ዘመን ደግሞ ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ተቋቋመ። የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን መቀመጫው ደሴ ነበር። እነማሪቱ ለገሰና ዚነት ሙሃባ ለሀገር የተሰሙት በዚህ መንገድ ነው። የአምባሰልን ዜማ አዲስ አበባ ያለ ሰው በማሪቱ ድምፅ ነው ያወቀው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ይሄ ውለታ ሊካድ አይገባም። መድረኩ ባይኖር ከአንድ ቀበሌ ያልዘለለ ዜማ ብዙ ነበር። ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያም አይኖርም ነበር።

ግን መድረክ የራሱ ሕግ አለው። ክብ መድረክ ላይ አይሠራም፤ ለተመልካች ጀርባ ይሰጣል። ስለዚህ ክቡ ተፈትቶ ሰልፍ ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ የሚሄደው ነገር አምስት ደቂቃ ውስጥ ይገባል። ቀስ ብሎ የሚጀምረው ክፍል ይቆረጣል፤ ተመልካች እንዳይሰለቸው ከሞቀው ይጀመራል። እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይጨፍር የነበረው፣ ስምንቱም እኩል አንገት እንዲሰብቁ ይደረጋል። ፈገግታውም እኩል ነው። ግጥሙ የተቀረጸ ስለሆነ ማንንም በስሙ አያነሳም። ተቀባዩ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ኅብረ ብሔራዊ የሚባለው ቅንብር ሲመጣ ነገሩ የባሰ ይጠባል። በአንድ ዝግጅት ውስጥ አሥር ሕዝብ ሲያልፍ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ግማሽ ደቂቃ ነው። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ መለያ ምልክት እንጂ ጭፈራ አይታይም። ለወሎ አንገት፣ ለጉራጌ የእግር ፍጥነት፣ ለወላይታ ወገብ ይመደባል። ሕዝቡ በአንድ የአካል ክፍል ይወከላል። የብዙውን ሰው አገር በአንድ መድረክ የማሳየት ሐሳቡ በጎ ነው። ውጤቱ ግን ሁሉንም በአጭሩ ማሳየት ሆኗል።

ቲክቶክ ይሄንኑ ይበልጥ አሳጠረው። አልጎሪዝም፣ ማለትም የትኛው ቪዲዮ ለማን እንደሚታይ የሚመርጠው የኮምፒውተር ስሌት፣ ዓይን ቶሎ የሚይዘውን ይገፋል። አንገት ዓይን ይይዛል። የአሮጊቷ ግጥም ግን ጆሮና ትዕግሥት ይፈልጋል። በዚህ የተነሳ ፍሰቱ ተገልብጧል። ድሮ የኪነት ቡድኑ ከገጠር ቀድቶ ወደ ከተማ ያመጣ ነበር። ዛሬ የደሴ ልጅ የወሎን ጭፈራ አዲስ አበባ ከተቀረጸ ክሊፕ ይማራል። ከዚያ በዘመድ ሠርግ ላይ ያንኑ ይጨፍረዋል። አያቱ «ይሄ ደግሞ የየት አገር ነው?» ብትል አይፈረድባትም።

«ትክክለኛው» የቱ ነው?

አንደኛው ወገን እንደ ጥንቱ ይጠበቅ ይላል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ግን የትኛው ጥንት? በ1965 እ.ኤ.አ. ጊዮርጊ ማርቲን እና ባሊንት ሻሮሺ የተባሉ ሃንጋሪያውያን አጥኚዎች መጥተው በኢትዮጵያ ጭፈራና ሙዚቃ ላይ የመስክ ጥናት አድርገዋል። እንዲህ ያለ ሰነድ ትልቅ ሀብት ነው። ቢሆንም የሚያሳየን የዚያን ቀን ጭፈራ ነው። ከዚያ በፊትም ሲለዋወጥ ኖሯል።

ሁለተኛው ወገን ባህል የሚኖረው ሲለወጥ ነው ይላል። ይሄም እውነት ነው። ግን ለውጥ ሁሉ አንድ አይደለም። አውጪዋ አዲስ ግጥም ስትጨምር ጭፈራው ከውስጥ ያድጋል። ክቡ ፈርሶ ሰልፍ ሲሆን ግን የተለወጠው ጌጡ አይደለም፤ የሰዎች ግንኙነት ነው።

«የማን ነው?» የሚለው ክርክር ደግሞ ቅኝቶቹን ብናይ ይቀላል። አራቱ ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ቅኝት ማለት ዜማው የሚመላለስባቸው ድምፆች አደራደር ነው። አራቱም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ተሰይመዋል። ባቲ ከተማ ናት። አምባሰል ግሸን ማርያም ያለችበት ተራራማ አገር ነው። ትዝታንም ከወሎ ጋር የሚያያይዘው ሰው ብዙ ነው። ዛሬ በእነዚህ ቅኝቶች የማይዘፍን የአገሪቱ ክፍል ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ወሎዬው በዚህ ይኮራል እንጂ ተቀማሁ አይልም። ስም የመጣበትን ይነግራል፣ አጥር ግን አይደለም። ጭፈራውም ከኦሮሞው፣ ከአርጎባውና ከአፋሩ ጋር ተወራርሷል። የከሚሴን ጭፈራ ከቃሉው በመቀስ ቆርጦ መለየት አይቻልም።

ጭፈራ ያልሆነው

የወሎ ባህል ሲቀረጽ መንዙማና የቤተ ክርስቲያኑ ወረብ ከጭፈራ ጋር አብረው ሲደረደሩ ይታያል። ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መንዙማ አላህና ነቢዩ የሚወደሱበት፣ ወሊዮች፣ ማለትም የአላህ ወዳጆች፣ የሚነሱበት ዜማ ነው። እንደ ጀማ ንጉሥና ጌታ ባሉ የዒልም (የሃይማኖት ትምህርት) ማዕከላት ለትውልዶች ቆይቷል። በአማርኛ፣ በዐረብኛና በኦሮምኛ ይባላል። በዐረብ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፣ ማለትም ዐጀሚ፣ ያቆየው ብዙ ግጥም አለው። ድቤ ይመታል፣ ይጨበጨባል፣ አካል ይወዛወዛል። ቢሆንም ሐድራ (የመንዙማና የዱዓ ስብስብ) ላይ ለተቀመጠ ሰው ይሄ ኢባዳ፣ ማለትም አምልኮ ነው። «ጨፈሩ» ቢባል ያዝናል።

ደብተራው በመቋሚያና በጽናጽል ሲያሸበሽብም እንደዚያው ነው። መስከረም 21 ቀን ለግሸን በደሴ በኩል የሚያልፈው ምእመን ዝማሬውን ትርኢት አይለውም። ከውጭ ላለ አጥኚ ሁሉም እንቅስቃሴና ዜማ ሊመስለው ይችላል። ከውስጥ ያለው ሰው የሚሰጠው ስም ግን የነገሩ ግማሽ ነው። በነገራችን ላይ በሙስሊሙ መካከልም መንዙማና ድቤ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚል ክርክር አለ። ለአማኞቹ የሚተው ነው።

ክቡ ሲጠብ

ቀጥሎ ምን ሊመጣ ይችላል? ብዙ ሰው የሚፈራው ቲክቶክን ነው። ከዚያ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የሠርጉ መለወጥ ይመስለኛል።

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ሠርግ ወደ አዳራሽ እየገባ ነው። ዳስ ተከራይቶ ሰፈር ውስጥ መደገስ ቦታም ገንዘብም ይፈልጋል። አዳራሽ ደግሞ ሰዓት አለው። ዲጄ አለ። የድምፅ ማጉያው ከተለቀቀ በኋላ አውጪም ተቀባይም አይሰማም። ቀኑ ሳይመሽም ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል።

ሁለተኛው ለውጥ ጸጥ ያለ ነው። ዘፈን ትተው ሠርጋቸውን በነሺዳ (በእስላማዊ መዝሙር) እና በመንዙማ የሚያደርጉ ሙስሊም ቤተሰቦች እየበዙ ነው። በመዝሙር የሚያደርጉ ክርስቲያኖችም እንዲሁ። ይሄ የእምነት ውሳኔ ነው፤ ይከበራል። ግን አንድ ውጤት አለው። ክርስቲያኑ ጎረቤት ነሺዳ መቀበል አይችልም። ሙስሊሟ ጎረቤትም መዝሙር አትቀበልም። መጥተው ይበላሉ፣ ይመርቃሉ፣ ይሄዳሉ። ሁለቱ ድስቶች እንዳሉ ናቸው። አንዱ ክብ ግን አይሠራም። ጎረቤትነቱ ቀረ ማለት አይደለም፤ ለቅሶው፣ ዕድሩ፣ ቡናው አለ። ሆኖም አብሮ የሚደሰቱበት አንድ ቦታ ይቀንሳል።

ጦርነቱም አለ። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆይተዋል። ሰው ተፈናቀለ፣ የደሴ ሙዚየምም ተዘረፈ። ሙዚየም ያጣውን ዕቃ መዘርዘር ይቻላል። ከተፈናቀሉ ሰዎች ጋር የተበተነውን ግጥም ግን የሚዘረዝረው የለም። አውጪ የነበረች እናት በልጇ ቤት አዲስ አበባ ብትቀር፣ መንደሩ ያጣት በሠርጉ ቀን ነው የሚታወቀው።

ደግነቱ ቀረጻ ዛሬ ውድ አይደለም። ሁሉም ስልክ አለው። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ካምፓስ አለው። የሚጎድለው የቀረጻው ዘዴ ነው። የሚጨፍሩትን ሁለት ሰዎች ብቻ ቀርቦ ከመያዝ፣ ካሜራውን ወደ ተቀባዩ ማዞር። ከአሥራ አምስት ሰከንድ ይልቅ ከመጀመሪያው ቀስታ እስከ ድካሙ መያዝ። መንደሩን፣ ዕለቱን፣ የምን ድግስ እንደሆነ መጻፍ። ግጥሙን ቃል በቃል ማስፈር፣ የማን ስም ለምን እንደተነሳ መጠየቅ። የአውጪዋን ፈቃድ መቀበልና ስሟን ማስቀመጥም አለ። ብዙዎቹ ክሊፖች ላይ የዲጄው ስም አለ፤ የሷ ግን የለም።